ጂፍና ባለ 256 ቀለም ሎጎን ወደ ሙሉ ቀለም ፒኤንጂ መቀየር፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ደብረ ማርቆስ ውስጥ ትንሽ የዲዛይንና የህትመት ቤት አለችኝ። የሰርግ ካርድ፣ ባነር፣ የእድር ደረሰኝ፣ የተመራቂዎች ቲሸርት፣ የመጣው ሁሉ ይሠራባታል። ከደንበኛ ጋር የሚያከራክረኝ ግን ሁልጊዜ ሎጎ ነው። ሰው ፍላሹን ይሰጠኝና «ይቺን ባክግራውንዷን አጥፍተህ ትልቅ አድርግልኝ» ይላል። ፋይሉ ሲከፈት የዛሬ 15 ዓመት የተሠራ፣ የአውራ ጣት ጥፍር የምታክል ጂፍ (GIF) የሚባል የድሮ የምስል ፋይል ነው። ሥራው እሱን ወደ ፒኤንጂ (PNG)፣ ሙሉ ቀለም መያዝ ወደሚችል የምስል ፋይል መቀየር ነው። ከባህር ዳር፣ ከፍኖተ ሰላምና ከሞጣ የሚደውሉልኝ የሙያ ጓደኞችም የሚጠይቁት ይህንኑ ስለሆነ፣ መልሱን አንድ ቦታ ሰብሰብ አድርጌ ጻፍኩት።

ኢንዴክስድ ከለር የሚባለው ነገር ምንድን ነው?

እናቶቻችን ሞሰብ ሲሰፉ አስቡ። አክርማው አስቀድሞ ይነከራል። ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሐምራዊ፣ ቢጫ፣ በየእስሩ ተለይቶ ይቀመጣል። ስፌቱ አንዴ ከተጀመረ ሰፊዋ ከእነዚያ እስሮች ውጪ ሌላ ቀለም የላትም። ለእያንዳንዷ ጥምጥም አዲስ ቀለም እየበጠበጠች አትሰፋም፤ ካሉት እስሮች አንዱን መርጣ ትመዛለች።

ኢንዴክስድ ምስልም፣ ጂፍም ራሱ፣ እንደዚያ ነው። ፋይሉ ውስጥ የቀለም ዝርዝር አለ፤ ፓሌት ይባላል። ቢበዛ 256 ቀለም ይይዛል። ከዚያ በኋላ ያለው ፒክስል (ምስሉ የተሠራበት ትንሽ ነጥብ) ሁሉ የእስር ቁጥር ብቻ ነው። አንዱ ፒክስል 37 ይላል እንበል። ኮምፒውተሩ ፓሌቱ ላይ ቁጥር 37ን ይፈልግና «ቀይ 196፣ አረንጓዴ 30፣ ሰማያዊ 58» የሚል ያገኛል። ደማቅ ቀይ ነው። 37 የተጻፈበት ፒክስል ሁሉ ያንኑ ቀይ ይለብሳል።

ሙሉ ቀለም ላይ ግን ፓሌት የለም። እያንዳንዱ ፒክስል ሦስቱን ቁጥር ራሱ ይዞ ይዞራል፤ ለቀይ፣ ለአረንጓዴ፣ ለሰማያዊ፣ ሁሉም ከ0 እስከ 255። ሲባዛ 16,777,216 ቀለም ይሆናል። ትራንስፓረንት፣ ማለትም ከኋላ ያለውን የሚያሳይ ቦታ፣ ሲጨመርበት አራተኛ ቁጥር ይመጣል፤ አልፋ ይባላል። አልፋው 0 ከሆነ ፒክስሉ ጭራሽ አይታይም። 255 ከሆነ ድፍን ነው። መሃሉ እንደ ነጠላ ነው፤ ከኋላ ያለውን በስሱ ያሳያል።

ጂፍ ይህን ነጠላ አያውቀውም። አንዱን የፓሌት ቁጥር «ይህ አይታይም» ብሎ መመደብ ይችላል፤ በቃ። ወይ አለ ወይ የለም። ትራንስፓረንት ራሱ የተጨመረለት በ1989 እ.ኤ.አ. በወጣው ሁለተኛው ዓይነት ላይ ነው። ኮምፑሰርቭ የሚባል የአሜሪካ ድርጅት መጀመሪያ በ1987 እ.ኤ.አ. ሲያወጣው ኔቱ በስልክ መስመር የሚንፏቀቅ ስለነበር፣ ለአንድ ፒክስል ሦስት ባይት ከመላክ አንድ ባይት መላክ ትልቅ እፎይታ ነበር። ችግሩ እኛ ያንን ፋይል ዛሬ ሦስት ሜትር ባነር ላይ እንዘርጋው ማለታችን ነው።

የኔ ፋይል ኢንዴክስድ መሆኑን በምን አውቃለሁ?

ፎቶሾፕ ላይ ስትከፍቱት ከፋይሉ ስም አጠገብ በቅንፍ ውስጥ «ኢንዴክስ» የሚል ይጻፋል። ሌየሩም (የምስሉ ንብርብር) ስሙ «ኢንዴክስ» ሆኖ ቁልፍ ተቆልፎበት ታዩታላችሁ። ጊምፕ በሚባለው ነፃ የምስል ፕሮግራም ላይ ደግሞ የመስኮቱ አናት ላይ ይጻፋል። ሁለቱም ከሌላችሁ ዊንዶውስ ላይ ፋይሉን ራይት ክሊክ አድርጋችሁ ፕሮፐርቲስ፣ ከዚያ ዲቴይልስ ግቡና ቢት ዴፕዝ የሚለውን እዩ። 8 ወይም ከዚያ በታች ካለ ጠርጥሩ። 32 ካለ ሙሉ ቀለም ከነአልፋው ነው።

ስሙን ብቻ አይታችሁ አትፍረዱ። ፒኤንጂ ሁሉ ሙሉ ቀለም አይደለም። ባለ 8 ቢት ፒኤንጂ አለ፤ እሱም ባለ ፓሌት ነው። ከጂፍ የሚሻለው ለእያንዳንዱ የፓሌት ቀለም የራሱን አልፋ መስጠት ስለሚችል ነው።

እሺ፣ እንዴት ነው የሚቀየረው?

ሥራው አጭር ነው። ፎቶሾፕ ላይ ኢሜጅ የሚለውን ሜኑ ክፈቱ፣ ሞድ፣ ከዚያ አርጂቢ ከለር (ሙሉ ቀለም ማለት ነው)። ጊምፕ ላይም ያው ነው፤ ኢሜጅ፣ ሞድ፣ አርጂቢ። ጊምፕ ላይ አንድ ነገር ጨምሩ፦ ሌየር ውስጥ ትራንስፓረንሲ፣ ከዚያ አድ አልፋ ቻናል። የሜኑው ጽሑፍ ደብዝዞ አልነካ ካለ አልፋው አስቀድሞ አለ ማለት ነው፤ እለፉት።

ፋይሉ ቀድሞውኑ ትራንስፓረንት ከነበረ እዚህ ላይ አለቀ። ያ ቁጥር 37 የነበረው ፒክስል አሁን 196፣ 30፣ 58፣ 255 ሆኗል። የማይታየው ፒክስል ደግሞ አልፋው 0 ሆኗል።

ባክግራውንዱ ነጭ ከሆነና ማውጣት ካለባችሁ፣ አሮጌ ጂፍ እዚህ ጋ አንዲት ጥሩ ነገር አለችው። ነጩ በአንድ የፓሌት ቁጥር የተሞላ ስለሆነ ሁሉም ፒክስል ልክ አንድ ዓይነት ነጭ ነው። ጄፔግ ላይ እንደምናየው እዚህ 254፣ እዚያ 251 የሚል የተዘበራረቀ ነጭ የለም። ስለዚህ ማጂክ ዋንድ የሚባለውን መምረጫ ቶለራንሱን (ምን ያህል የተለየ ቀለም አብሮ ይመረጥ የሚለውን) 0 አድርጋችሁ አንዴ ነጩን ንኩት። ንጹህ ሆኖ ይመረጣል። ኮንቲጊየስ (የተያያዘውን ብቻ ምረጥ) የሚለው ምልክት እንደተደረገበት ይቆይ። አለዚያ ሎጎው ውስጥ ያለው ነጭ፣ የመጽሐፉ ገጽ፣ የርግቧ ክንፍ፣ ሁሉም አብሮ ይሄዳል። እኔ ዲሊት ከማድረግ ማስክ (ሳያጠፋ የሚሸፍነውን) እመርጣለሁ። ደንበኛ ሐሳቡን ይቀይራል።

ስቀይረው ጥራቱ ይጨምራል?

አይጨምርም። ይህን ቁርጡን ብናገር ይሻላል፤ ብዙ ሰው የሚያዝነው እዚህ ላይ ነው። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም። ፎቶው ወደ 256 ቀለም ሲወርድ የጠፋው ቀለም ጠፍቷል። ሞዱን ስትቀይሩት ፋይሉ 16 ሚሊዮን ቀለም የመያዝ መብት ያገኛል እንጂ ውስጡ ያሉት ያው 256ቱ ናቸው። ባዶ ጎተራ ሰፋ ማለት ነው፤ እህሉን አላመጣም።

ታዲያ ለምን እለፋለሁ?

ከዚህ በኋላ የምትሠሩት ማንኛውም ነገር አዲስ ቀለም ስለሚፈልግ ነው።

ምስሉን ልታሳድጉት ነው እንበል። ኮምፒውተሩ በሁለት ፒክስል መሃል አዲስ ፒክስል ማስገባት አለበት። ሙሉ ቀለም ላይ የሁለቱን አማካይ ይወስዳል፤ ከቀይ ወደ ቢጫ ሲሄድ መሃሉ ላይ ብርቱካናማ ያስገባል። ኢንዴክስድ ላይ ግን ይህን ማድረግ አይችልም። 37 ቀይ ነው፣ 39 ቢጫ ነው። አማካዩ 38 ነው ቢል 38 ቁጥር እስር ውስጥ ያለው ሰማያዊ አክርማ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ፕሮግራሙ አደጋውን ይሸሽና የጎረቤቱን ፒክስል እንዳለ ይደግመዋል። ውጤቱ ደረጃ ደረጃ የሠራ፣ በመጋዝ የተቆረጠ የሚመስል ጠርዝ ነው።

ማዞር፣ ብለር ማድረግ፣ ጥላ መጨመር፣ ሁሉም እንደዚሁ ነው። ኢንዴክስድ ላይ አብዛኛው ፊልተር ደብዝዞ አልነካ የሚለውም በዚህ ምክንያት ነው። «ፎቶሾፔ ተበላሸ» ብለው ኮምፒውተር ጥገና ቤት የሄዱ ሰዎች አውቃለሁ። ባለ ቀለም ፎቶ ከሌላ ፋይል ኮፒ አድርጋችሁ ኢንዴክስድ ፋይል ላይ ብትለጥፉት ደግሞ ፎቶው በዚያ ፓሌት ቀለም ብቻ ይሳላል። የሙሽራዋ ፊት አረንጓዴ የሆነበት ቀን ነበር።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉን አታዛቡ። መጀመሪያ ሞዱን ቀይሩ። ከዚያ አሳድጉ፣ አዙሩ፣ ቁረጡ።

ፎቶው ላይ ጤፍ የተበተነ ይመስላል። ምንድን ነው?

ዲዘሪንግ ይባላል። የሚፈለገው ቀለም ፓሌቱ ውስጥ ሲጠፋ ፕሮግራሙ ያሉትን ሁለት ቀለሞች ነጠብጣብ አድርጎ እያፈራረቀ ዓይናችንን ያታልላል። ከሩቅ ጥሩ ነው። ሲያድግ ጤፍ ነው። አርጂቢ ካደረጋችሁት በኋላ ጊምፕ ላይ ሴሌክቲቭ ጋውሲያን ብለር የሚለውን በትንሹ ሞክሩ፤ ጠርዙን ብዙ ሳይነካ ነጠብጣቡን ያለሰልሳል። ተአምር አትጠብቁ።

ባክግራውንዱን አጠፋሁ፣ ግን ዙሪያውን ነጭ ክር ቀረ። ለምን?

በኔ ግምት ከአሥር ጥያቄ ስድስቱ ይህ ነው። ስለዚህ ትንሽ ልቀመጥበት።

አንድ ዓመት ጥር ላይ ለአገው ፈረሰኞች በዓል እንጅባራ የሚሄዱ ጓደኛሞች 40 ቲሸርት አዘዙኝ። ጥቁር አረንጓዴ ቲሸርት፣ ደረቱ ላይ የሚጋልብ ቡናማ ፈረስ። ፈረሱ ጂፍ ነበር። ሞዱን ቀየርኩ፣ ነጩን አወጣሁ፣ ፒኤንጂ አድርጌ ላክሁት። ቲሸርቱ ታትሞ መጣ። ከልጆቹ አንዱ አንስቶ አየውና «ፈረሱን ውርጭ መትቶታል እንዴ?» አለኝ። ጋማውን፣ ጭራውን፣ ኮቴውን ተከትሎ ቀጭን ነጭ መስመር ዞሮታል። ብርዱ ለእንጅባራ ደንብ ነው ብዬ ላልፈው አልቻልኩም። በራሴ ወጪ ደግሜ አሠራሁት።

ነገሩ እንዲህ ነው። የፈረሱ ቡናማ ቀለም 120፣ 60፣ 20 ነው። ሠሪው ጠርዙ እንዳይቆራረጥ ብሎ አለስልሶታል። የጠርዙ ፒክስል ግማሹ ፈረስ፣ ግማሹ ወረቀት ነው። ወረቀቱ ነጭ ስለነበር ሁለቱ ተደባልቀው 188፣ 158፣ 138 ሆኑ፤ ወተት የበዛበት ማኪያቶ። ሙሉ ቀለም ከነአልፋው ቢሆን ኖሮ ይኸው ፒክስል «ቡናማው ያው 120፣ 60፣ 20፣ አልፋው ግን 128» ተብሎ ይቀመጥ ነበር። የትም ብታስቀምጡት ከሥሩ ካለው ቀለም ጋር ይስማማል። ጂፍ ግን ግማሽ አያውቅም። ስለዚህ ነጩን ከቡናማው ጋር አቡክቶ አስቀረው። እኛ ነጩን ባክግራውንድ ስናወጣ ይህ ማኪያቶ ድፍን ሆኖ ይቀራል። ነጭ ወረቀት ላይ አይታይም። አረንጓዴ ላይ ያጋልጣል።

መፍትሔው ሁለት ዓይነት ነው። ቀላሉ ፎቶሾፕ ላይ ሌየር፣ ማቲንግ፣ ዲፍሪንጅ ብላችሁ 1 ፒክስል መስጠት ነው። የጠርዙን ነጣ ያለ ቀለም አጥፍቶ የውስጠኛውን ቀለም ያለብሰዋል። ጠርዙ ትንሽ ይቆረጣል፣ ነጩ ግን ይሄዳል። ለአብዛኛው ሥራ ይበቃል።

ሁለተኛው ጊምፕ ላይ ነው፤ እኔ የምወደው እሱን ነው። ባክግራውንዱ ከወጣ በኋላ ሌየሩ ላይ ራይት ክሊክ አድርጉና አልፋ ቱ ሴሌክሽን በሉ። ፈረሱ ይመረጣል። ምርጫውን ገልብጡት፤ አሁን የተመረጠው ውጪው ነው። ከዚያ ምርጫውን በ2 ፒክስል አሳድጉት። እነዚያ 2 ፒክስሎች ማኪያቶው ያለባቸው ናቸው። አሁን ከለርስ ውስጥ ከለር ቱ አልፋ የሚለውን ከፍታችሁ ነጭን ስጡት። ከማኪያቶው ወተቱን አጥልሎ ያወጣዋል፤ የቀረው ጠቆር ያለ ቡናማ ከነአልፋው ነው። ልክ የመጀመሪያው ቁጥር አይመለስም፣ በጣም ይጠጋዋል። ምርጫ ሳታደርጉ ምስሉ ላይ በሙሉ ብትለቁት ግን የፈረሱ ሆድ ሳይቀር ይሳሳል። ይህን አደራ።

ከዚያ ቀን ወዲህ አንድ ልማድ አለኝ። ከመላኬ በፊት ከሥሩ ጥቁር ሌየር፣ ከዚያ ደማቅ ቀይ ሌየር እያደረግሁ አያለሁ። አሥር ሰከንድ አይፈጅም። ያኔ ባደርገው ኖሮ 40 ቲሸርት አላወጣም ነበር።

በምን ፎርማት ሴቭ ላድርገው?

ፒኤንጂ። ፎቶሾፕ ላይ ሴቭ ፎር ዌብ የምትጠቀሙ ከሆነ ፒኤንጂ 24ን ምረጡና ትራንስፓረንሲ የሚለውን ምልክት አድርጉበት። 24 ይበል እንጂ አልፋው ሲጨመር 32 ቢት ነው። ከሱ በላይ ያለውን ፒኤንጂ 8 ከነካችሁ ተመልሳችሁ ኢንዴክስድ ገባችሁ፤ የለፋችሁበት ሁሉ ውሃ በላው። ጊምፕ ላይ ኤክስፖርት ስታደርጉ ፒክስል ፎርማት የሚለው ጋ 8 ቢት አርጂቢኤ (አርጂቢ ከነአልፋው) ምረጡ።

ጄፔግ አይሆንም። አልፋ የሚባል ነገር አያውቅም። ክፍት የነበረው ቦታ በነጭ ወይም በጥቁር ይሞላል። ዌብፒ ትራንስፓረንት ይይዛል፣ ፋይሉም ትንሽ ነው፤ ለድረ ገጽ ጥሩ ነው። ለህትመት ቤት ግን አትላኩ፤ «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው» ተብሎ ይመለሳል።

ህትመት ቤቱ ሲኤምዋይኬ (በአራቱ የህትመት ቀለሞች የሚሠራውን) ካለ ደግሞ ፒኤንጂ ሲኤምዋይኬ አይይዝም። ቲፍ ወይም ፒዲኤፍ አድርጉት።

በቴሌግራም ስልከው ባክግራውንዱ ተመልሶ መጣ!

እንደ ፎቶ ስለላካችሁት ነው። ቴሌግራም ፎቶን ጨምቆ ጄፔግ ያደርገዋል። እንደ ፋይል ላኩት። በቀን ሦስቴ የምደግመው አረፍተ ነገር ቢኖር «እንደ ፋይል ላክልኝ» ነው።

የፋይሉ መጠን ለምን አደገ?

1000 በ1000 ፒክስል የሆነ ምስል ሳይጨመቅ ኢንዴክስድ ሲሆን አንድ ሚሊዮን ባይት አካባቢ ነው። ፓሌቱ ራሱ 768 ባይት ብቻ ነው። ሙሉ ቀለም ከነአልፋው ሲሆን አራት ሚሊዮን ይሆናል። ፒኤንጂ ሲጨምቀው በጣም ይወርዳል፣ በተለይ ሎጎ ከሆነ። ሆኖም ከበፊቱ ማደጉ አይቀርም። «ፒኤንጂ ላሳንስልህ» የሚሉ ድረ ገጾች ላይ አትቸኩሉ። ብዙዎቹ የሚያሳንሱት መልሰው ባለ 256 ቀለም በማድረግ ነው። ድረ ገጽ ላይ ለሚለጠፍ ችግር የለውም። ገና ልትሠሩበት ያለውን ፋይል ግን አትስጧቸው።

ከኔቱ ያወረድኩት ፒኤንጂ ዳማ ዳማ ባክግራውንድ ይዞ መጣ

ተሸውዳችኋል፤ እኔም ተሸውጃለሁ። ያ ግራጫና ነጭ ዳማ ፎቶሾፕ ክፍት ቦታን የሚያሳይበት ምልክት ነው። አንዳንድ ድረ ገጽ ዳማውን ራሱን ሥዕል አድርጎ ያስቀምጠዋል። ሞድ ብትቀይሩ፣ አልፋ ብትጨምሩ አይጠፋም፤ እንደማንኛውም ሥዕል ቆርጣችሁ ማውጣት ነው። ፍለጋው ላይ ገና ሳትከፍቱት ዳማው ከታያችሁ አትድከሙ። እውነተኛው ብዙ ጊዜ ስትከፍቱት ነው ዳማ የሚያሳየው።

የሚንቀሳቀስ ጂፍ ብቀይረውስ?

ተራ ፒኤንጂ ካደረጋችሁት የመጀመሪያው ፍሬም ብቻ ይቀራል። እንቅስቃሴውን ከፈለጋችሁ የሚንቀሳቀስ ዌብፒ ወይም ኤፒኤንጂ አድርጉት። እያንዳንዱን ፍሬም ለየብቻ ማውጣት ከሆነ ፍላጎታችሁ አንድ ወጥመድ አለ። ጂፍ ቦታ ለመቆጠብ ከሁለተኛው ፍሬም ጀምሮ የተለወጠውን ቦታ ብቻ ሊያስቀምጥ ይችላል። ስታወጡት እጅ ብቻ፣ ዓይን ብቻ ይሆንባችኋል። ጊምፕ ላይ ፊልተርስ፣ አኒሜሽን፣ አንኦፕቲማይዝ ካላችሁት ሁሉም ፍሬም ሙሉ ይሆናል።

400 ምስል አለኝ። አንድ በአንድ ልሥራ?

ኧረ በፍጹም። ኢሜጅማጂክ የሚባል ነፃ ፕሮግራም በአንድ ትእዛዝ ይጨርሰዋል። ግን ተጠንቀቁ። ምስሉ ውስጥ ከ256 ቀለም በላይ ከሌለ ለቦታ ቁጠባ ብሎ ፒኤንጂውንም ባለ ፓሌት አድርጎ ሊጽፈው ይችላል። የጂፍ ቀለም ደግሞ ከ256 አይበልጥም! ከውጤቱ ፋይል ስም በፊት በላቲን ፊደል PNG32: ብላችሁ ጻፉ፣ ሁለት ነጥቡ እንዳይረሳ፤ ያኔ ይገባዋል።

ፓይተን ለምትጽፉ፦ ፒሎው በሚባለው የምስል ላይብረሪ ቀጥታ ወደ አርጂቢ ከቀየራችሁ ትራንስፓረንቱ ይጠፋል። ወደ አርጂቢኤ ቀይሩ። ባለ ፓሌት ምስል ላይ ሪሳይዝ ብትሉም የፈለጋችሁትን ፊልተር ብትሰጡት አይሰማችሁም፤ የጎረቤት ፒክስል መድገሙን ነው የሚሠራው። እዚህም ቅደም ተከተሉ ያው ነው።

በስልክ መሥራት እችላለሁ?

ይቻላል። ፎቶፒ የሚባለው ድረ ገጽ በስልክ ብራውዘርም ይከፈታል፣ ሜኑው ፎቶሾፕን ይመስላል። ካንቫ ላይ ባክግራውንድ የሌለው ፒኤንጂ ማውረድ በክፍያ ነው። የባክግራውንድ ማጥፊያ አፖች ለሰው ፎቶ ጎበዝ ናቸው፤ ለትንሽ ሎጎ ግን ፊደሉን ሳይቀር ይበሉታል። የ«ቋ» ቀለበት፣ የ«ሏ» ቅጥያ ጠፍቶ ያገኘሁበት ጊዜ ብዙ ነው።

ማህተም ከወረቀት ላይ አውጥተህ ትራንስፓረንት አድርግልኝ

የራሳችሁ ድርጅት ከሆነ ደብዳቤ ይዛችሁ ኑ። ካልሆነ አልሠራም። ሻይ ጋብዞ የለመነኝም ሰው አለ። ሻዩን ጠጣሁ፣ ማህተሙን አልሠራሁም።

መቀየር የሌለብኝ ጊዜ አለ?

አለ፤ ይህን ብዙ ሰው ይረሳዋል። ለኮምፒውተር ጥልፍ የሚሆን ሥዕል ከሆነ ጥልፍ ሠሪው የሚፈልገው ጥቂት ድፍን ቀለም ነው። አንድ ቀለም አንድ ክር። ሙሉ ቀለም አድርጋችሁ ጠርዙን ካለሰለሳችሁለት አምስቱ ቀለም መቶ ይሆንና ሰውዬው ክር ከየት ያምጣ? ስክሪን ህትመትም እንደዚሁ ነው፤ ለእያንዳንዱ ቀለም የራሱ ስክሪን ይሠራል። ለእነዚህ ሥራዎች ባለ ፓሌት ፋይል ወርቅ ነው። እንዳለ ላኩት።

ዲቲኤፍ (መጀመሪያ ፊልም ላይ አትሞ ጨርቅ ላይ የሚለጥፍ ህትመት) ደግሞ መሃል ላይ ያለ ነው። ሙሉ ቀለም ይወዳል፣ ግን በከፊል የሚታይ ፒክስል አይወድም። ከቀለሙ ጋር ነጭ ቀለም ስለሚያትም ያ ስስ ጠርዝ ነጩን ያሳብቃል። ፈረሱ ተመልሶ ውርጭ ይመታዋል። ለዲቲኤፍ ጠርዙን ቁርጥ አድርጉት፤ አልፋው ወይ 0 ወይ 255 ይሁን።

የፋይሉን ስም ከጂፍ ወደ ፒኤንጂ ብቀይረውስ?

ስሙ ተቀየረ፣ ሰውዬው ያው ነው።

ሎጎው 120 በ120 ፒክስል ነው። ለባነር ይሆናል?

ቀለል ያለ ሒሳብ እንሥራ። ቲሸርት ላይ 30 ሳንቲ ሜትር ስፋት በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) ለማተም 3543 ፒክስል ገደማ ያስፈልጋል። ያላችሁ 120 ነው። ሞድ ቀይራችሁ ብታሳድጉት ልስልስ ያለ ጭጋግ ታገኛላችሁ፤ የጮቄ ተራራ ጠዋት ይመስላል። ባነር ከሩቅ ስለሚታይ ትንሽ ይታገሣል፣ ለዚህ ግን እሱም አይታገሥም።

እንዲህ ያለው ሎጎ በቬክተር (ሲያድግ በማይደበዝዝ የመስመር ሥዕል) እንደ አዲስ ቢሳል ይሻላል። ኢንክስኬፕ በነፃ አለ፤ ትሬስ ቢትማፕ የሚለው ቀለማቸው ጥቂት የሆኑ ሎጎዎችን ጥሩ አድርጎ ይከተላል። ለ120 ፒክስል ግን እሱም ይሳሳታል፤ በእጅ በፔን ቱል መሄድ ነው።

ከዚያ በፊት ግን ኦርጅናሉን ጠይቁ። ኮምፒውተር ውስጥ ባይኖር ሌላ ቦታ ይኖራል። አንድ አዛውንት የእድር ሎጎ ይዘው መጡ፤ ልጃቸው ከስልኩ የላከላቸው 120 ፒክስል ጂፍ። ሁለት እጅ ሲጨባበጥ ነው መሰለኝ፤ ሁለት ድንች ሊሆንም ይችላል። «ሌላ የለም አባባ?» አልኳቸው። አሰቡና «ልጄ፣ የእድሩ ቤት በር ላይ ታፔላው አለ፤ ሠዓሊ ነው በቀለም የጻፈው» አሉኝ። ሄደን ፊት ለፊት ቆሜ በስልኬ አነሳሁት። ጣቶቹ አንድ በአንድ ይቆጠራሉ። ያንን ከሥር አስቀምጬ በፔን ቱል ዞርኩት፤ ሁለት ሰዓት ፈጀ። አሁን ደረሰኛቸው ላይም ድንኳናቸው ላይም ያለው እሱ ነው።